የአወቱ አድሚራል

ከባሕር በራቀ ከተማ ሁሉ አንድ ባሕረኛ አይጠፋም። የወደብ ሰው ስለ ባሕር አያወራም፤ የሚያወራው ስለ ዓሣ ዋጋና ስለ ሙቀቱ ነው። የባሕር ወሬ መጥገብ የፈለገ መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ ደመና፣ ዙሪያው የቡና ጫካ ወደሆነ አገር ይሂድ። እዚያ ጫማውን የወለወለ አንድ ሰው አጠገቡ ቁጭ ይልና ሳይጠየቅ «እኛ ምጽዋ ሳለን…» ብሎ ይጀምርለታል። ቦንጋ አንድ አለ ይባላል። በደሌ ሁለት ነበሩ፤ ስለ አንድ ማዕበል ቁመት ተጣልተው አንደኛው ወደ መቱ ተዛወረ። ጅማ ደግሞ እግዜር አብዝቶ ሰጥቷት ጓድ አድሚራል ሀብተጊዮርጊስን አግኝታለች።

አድሚራልነቱን የሰጠው መንግሥት አይደለም። በጃንሆይ ጊዜ ከባሕር ኃይል ሲሰናበት ማዕረጉ እጅጌው ላይ ያለች አንዲት ጭረት ነበረች። አድሚራል ያደረጉት የቡና መፈልፈያው ጫኝና አውራጆች ናቸው። «ጓድ» የሚለውን ደግሞ አብዮቱ ሲመጣ እንደ ማንኛውም ሰው በነፃ አገኘው።

ይህን ሰው ከማንም በላይ የሚያውቀው፣ ከማንም በላይም የተቸገረበት ሣህሉ ነው። ሣህሉ የኤንትሬ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከአጋሮ ወዲያ ካሉት ከተሞች ጀንፈል ቡና እየጫነ ጅማ ዳር ወዳለው መፈልፈያ ያመጣል፤ የተፈለፈለውን አዲስ አበባ ያደርሳል። የደጋ ልጅ ነው። በሕይወቱ ያየው ትልቁ ውሃ ጊቤ ነው፤ እሱንም ያየው ድልድዩ ላይ፣ መሪ ጨብጦ፣ በፍጥነት። ወሬ አይወድም። የሚወደው በደንብ የጠበቀ ብሎን፣ ልክ የተነፋ ጎማና በጊዜ መነሣት ነው። እንዲህ ያለን ሰው እንደ ሀብተጊዮርጊስ ካለ የመፈልፈያ ጭነት ኃላፊ ጋር ማገናኘት የዕጣ ፈንታ ቀልድ ካልሆነ ምን ይባላል?

የመፈልፈያው ግቢ ለሌላው ሰው ግቢ ነው፤ ለአድሚራሉ መርከብ ነው። ጠዋት ጠዋት ወዛደሮቹ አንድ ጆንያ ከማንሣታቸው በፊት ሲሚንቶውን በውሃ ያጥባሉ። ለምን? የመርከብ ወለል ስለሚታጠብ። ቡና እርጥበት እንደማይወድ ሊያስረዱት የመጡትን የጥራት ተቆጣጣሪ በትዕግሥት አዳመጣቸውና «ምጽዋ ቢሆን ኖሮ በጨው ውሃ ነበር የማሳጥበው» አላቸው። እርቅ ወረደ፤ ቡና የማያርፍበት ግማሹ ብቻ እንዲታጠብ ተስማሙ። ወዛደሩ ምሳ የሚገባው በአድሚራሉ ፉጨት ነው፤ ከምሳ የሚመለሰውም በፉጨት። አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚሰበር ፉጨት አለው፤ አወቱ መንደራ ሰፈር ያሉ ሴቶች ሽሯቸውን የሚያወጡት እሱን ሰምተው ነው።

መኪና ማስገባት ደግሞ ለብቻው ሥርዓት አለው። እንደ ሰው «ና፣ ና፣ በቃ» አይልም። ሁለት መሐረብ ይዞ ክንዱን ወዲያና ወዲህ ይዘረጋል።

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ ነው ወደ ፊት?» ይላል ሣህሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

«ምልክቱን አንብብ!»

«አልተማርኩትማ!»

«ታዲያ የእኔ ጥፋት ነው? ምጽዋ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ቋጥኝ ላይ ወጥተህ ነበር!»

ቋጥኝ ባይኖርም የግቢው በር ምሰሶ ነበር፤ ሣህሉ አንድ ቀን ምልክት ሲያነብ እሱ ላይ ወጣ። መከላከያው ላይ የቀረውን ስርጉድ እስከ ዛሬ አላስወጣውም። ለጠየቀው ሁሉ «የአድሚራሉ ወደብ ነው» ይላል።

ክረምት ሲገባ አድሚራሉ ከሥራ መልስ አወቱ ድልድይ ላይ ይቆማል። አወቱ መቼም ወንዝ መባሉም በጎረቤት ይሉኝታ ነው። እሱ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ ታች ያይና «ሞገዱ ጨምሯል» ብሎ ያውጃል። አንዴ ከሥር ልብስ ታጥብ የነበረች ሴት ቀና ብላ «የምን ሞገድ? ሳሙናዬ ነው!» አለችው። እሱ መች ይሰማል።

የቀበሌው ስብሰባ ላይ ያደረገውን የሰማ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሊቀ መንበሩ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ከምሳ በፊት ጀምሮ ጀርባ እስኪደነዝዝ አስረዳና አስተያየት ያለው ካለ ብሎ ዕድል ሰጠ። አድሚራሉ እጁን አወጣ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ንግግሩ መልካም ነው። ግን ምጽዋ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በሦስት የምልክት ባንዲራ እንጨርሰው ነበር።» አንገት ሁሉ ወደ ትከሻ ገባ። ሊቀ መንበሩ ነገሩ ሂስ ይሁን ምስጋና መለየት አቅቶት ቆየና «ገንቢ አስተያየት ነው» ብሎ አለፈው። የአድሚራሉ ባለቤት ወርቂቱ ግን ያን ሰሞን በር በተንኳኳ ቁጥር ነጠላዋን እያነሣች ትደነግጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው የነጋሳ ታሪክ ነው።

ሣህሉ ይህን ታሪክ ሲጭን ሰምቶታል፣ ሲያራግፍ ሰምቶታል፣ ክሪክ ሥር ተኝቶ ጎማ ሲቀይር ሰምቶታል። እንዲህ ነው።

«የደጋ ልጆች ነበርን፤ ከምንጭ ሌላ ውሃ ያላየን» ይላል አድሚራሉ። «ምጽዋ ስንወርድ ሙቀቱ ራሱ ጥፊ ነው። አሠልጣኛችን ደኅና ዋላችሁ እንኳ ሳይለን ወደ ወደቡ ግንብ ነዳን። ሁለት ሁለት አድርጎ መደበን። ከሁለቱ የአንዱን ወገብ በገመድ አሰረ፤ ጫፉን ለሌላው አስያዘ። ከዚያ የታሰረውን ገፈተረው! የታሰረው ዋና ይማራል፤ የያዘው ሰው መያዝ ይማራል። ገባህ? ነጋሳን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያ ወለጌ እንደ በሬ ከብዶ መዳፌን ላጠው። ለቀቅኩ? አልለቀቅኩም!»

ግንቡ በየዓመቱ ቁመት ይጨምራል። መጀመሪያ ያልነበረ ሻርክ በሁለተኛው ዓመት መጣ፤ ከዚያ ቤተሰቡን አመጣ። ሣህሉ ልብ ያለው አንድ ነገር ቢኖር ግን በዚህ ሁሉ መሐል የማይለወጥ ነገር መኖሩን ነው። ነጋሳ ግራኝ ነበር። ቋጠሮ ሲማሩ ሁሉንም በግልባጩ ነበር የሚያስረው። አሠልጣኙ ግራ እጁን በገመድ ጫፍ እየሸነቆጠ ቢያስተምረውም እጁ እምቢ አለ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሀብተጊዮርጊስ ዞረና «ጓደኛው አይደለህ? እሱ እንዳሰረ አንተ መፍታት ተማር» አለው። ተማረ። የሥልጠናቸው ማብቂያ ፈተና የሁለት ሰው ቋጠሮ የሚሉት ነበር፤ አንደኛው በራሱ ገመድ ግማሹን ይቋጥራል፣ ሌላው በራሱ ገመድ ቀሪውን ይሞላል፣ ሁለቱ ገመድ አንድ ይሆናል። የሌሎቹ ሁሉ ሲጎተት ሾለከ። የእነሱ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ የቋጠሩት፣ አልሾለከም።

ሀብተጊዮርጊስ ተሰናብቶ በትዳር ጅማ ገባ። ነጋሳ እዚያው ቀረ። ምጽዋ ከተከበበች ወዲህ ወሬው ጠፋ። ስለዚህ አድሚራሉ አውቶቡስ ተራ ሲያልፍ ምርኩዝ የያዘ ወይም ካኪ የለበሰ ሰው ካየ ይጠጋል። «ባሕር ኃይል ነህ ወንድሜ? ነጋሳ የሚባል ግራኝ ታውቃለህ?» እግረኛ ጦር ነኝ ይለዋል። መድፈኛ ነኝ ይለዋል። አንዱ አውቀዋለሁ ብሎ ቁጭ አድርጎ ሻይ ከጠጣ በኋላ የሚያውቀው ነጋሳ በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ዓመት በዓመት ሲተካ ከተማው ፈረደ፤ ነጋሳ የሚባል ሰው የለም። ወዛደሮቹ መተረቻ አደረጉት። መኪና ከዘገየ «ነጋሳን ሊያመጣ ሄዶ ነው» ይላሉ። አካፋ ከጠፋ «ነጋሳ ወስዶት ነው።» ሣህሉም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበር። ያልሳቀች ወርቂቱ ብቻ ናት። አንድ ቀን የባሏን ምሳ ይዛ መጥታ ሲስቅ አገኘችው።

«አንተ ደግሞ፣ ሣህሉ! ማሎ፣ አንተ እንኳ ተው።»

«እኔ ምን አልኩ እትዬ ወርቂቱ? ሁላችንም'ኮ ታሪኩን በቃላችን ይዘነዋል።»

«ለእናንተ የሚያወራ መሰለህ? ዝም ያለ ቀን ነጋሳ የሚሞት እየመሰለው ነው።»

ሣህሉ ሳቁን አቆመ። ግን ወሬ ስለማይወድ ነገሩን እዚያው ተወው።

በሁለቱ መሐል ያለው እውነተኛ ጠብ የወሬ አልነበረም፤ የሰንጢ ነበር። አድሚራሉ ጭነት ሲያስር እጁን ማየት ነው። ሸራው እንደ ከበሮ ይወጠራል። በጊቤ ቁልቁለት መኪናው ሲናጥ ጆንያ ንቅንቅ አይልም። ይህን ሣህሉም አይክድም። ችግሩ መፍታቱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ አውራጆቹ ይሞክሩታል፣ ይሳደባሉ፣ ከዚያ ሣህሉ ሰንጢውን ያወጣል። ጀንፈል ሲያራግፍም ያው ነው። ቸር፣ ቸር፣ አለቀ። ገመዱ በየጉዞው እያጠረ ይመለሳል። አድሚራሉ ቁራጮቹን ዘርግቶ ያያቸዋል፤ ዘመድ እንደ ሞተበት።

«ገመድ ይቆረጣል እንዴ? ጣት የለህም?»

«ጊዜ የለኝም ጋሼ።»

«ምጽዋ ቢሆን ኖሮ ገመድ የቆረጠ ሰው ራቱን ቆሞ ነው የሚበላ!»

«እኔ ራቴንም መሪ ላይ ነው የምበላው።»

ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ የጣለ ቀን ነው እንግዲህ ነገሩ የተለወጠው። ሣህሉ ከጌራ በኩል ጀንፈል ጭኖ ግቢው ሲገባ ሰማዩ ተቀደደ። ረዳቱ ብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ብቻውን ነው። ወደ መኪናው የጭነት ካሶኒ ተንጠልጥሎ ቋጠሮዎቹን ሊፈታ ሞከረ። እንደ አድሚራሉ ቋጠሮ እልኸኞች ናቸው፤ ግን ጣቱ በለመደው በኩል ሲገባ ጭራሽ ይጠብቃሉ። ውሃው በሸራው እጥፋት ሊገባ ነው። ሰንጢውን መዘዘና የአንዱን ጎን ጨረሰው። ወዛደሮቹ ጆንያ እየተቀባበሉ ወደ መጋዘን ሮጡ።

«ማነው ቆራጩ!» አለ አድሚራሉ ከመጋዘኑ በር።

«ጋሼ፣ ዝናብ ነው!»

«ምጽዋ ቢሆን ኖሮ…»

አልጨረሰውም። ሣህሉ ዞር ሲል አድሚራሉ በሌላው ጎን የቀረችውን የመጨረሻዋን ቋጠሮ ይዞ ቆሟል። ባርኔጣው ላይ ዝናብ እየወረደ ነው። ስብከቱን ሲጠብቅ ስብከት የለም። አድሚራሉ አውራ ጣቱን ከሥር አስገብቶ ቋጠሮዋን እንደ መዳበስ አደረጋት፤ ያን ሁሉ እምቢ ያለችው ቋጠሮ እንደ ጫማ ማሰሪያ ውልቅ አለች።

«ማነው ያሰረልህ?»

«ጌራ መንገድ ካለው መጋዘን ነው የጫንኩት። እዚያ ያሉት ጫኞች።»

«ስሙ ማነው?»

«እኔ ምሳ ላይ ነበርኩ ጋሼ። ምን ሆኑ?»

«ግራኝ ነው ያሰረው» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «በግልባጩ ነው። ሌሎቹንስ… ሌሎቹን ቆረጥካቸው?»

ሣህሉ ሰንጢውን ኪሱ ከተተ።

«ለወርቂቱ አትንገራት። ለማንም» አለ አድሚራሉ። ይህ ሰው ዝም በሉ ብሎ ሲለምን ሣህሉ ያን ቀን ነው የሰማው።

አድሚራሉ ራሱ እንዳይሄድ ይለፍ ያስፈልጋል። ቀበሌው ለቀብር ይለፍ ይሰጣል፣ ለሠርግ ይሰጣል፣ ለስብሰባ በደስታ ይሰጣል። ቋጠሮ አይቼ ነው ለሚል ሰው ግን አይሰጥም፤ በሦስት ባንዲራ ለተናገረ ሰውማ ጭራሽ። ስለዚህ በማግሥቱ ለሣህሉ አንድ አዲስ ገመድ ሰጠው። ጫፉ ላይ ግማሽ ቋጠሮ አለ፤ መሐሉ ለሌላ ገመድ ክፍት የተተወ።

«ይህን አሳየው። የሚያውቅ ሰው ከሆነ እጁ ዝም አይልም።»

«ካላወቀስ?»

«ካላወቀ ገመድ ነው። ቡናህን እሰርበት።»

ሣህሉ ገመዱን ጋቢናው ውስጥ መቀመጫው ላይ አስቀመጠው፤ ከዘይትና ከመፍቻ ጋር አላስቀመጠውም። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ራሱም አልጠየቀ።

ጌራ መንገድ ያሉት ጫኞች ሲጠይቃቸው ሳቁ። «ግራኙ? አባ ፉንዮ፣ ባለ ገመዱ፣ ነው የምንለው፤ ገመድ ሲያይ እጁ አያርፍም። ዘበኛ ሆኖ ገና መግባቱ ነው፤ ትክክለኛ ስሙን ማን ያውቃል። ወባ ይዞት እህቱ ዘንድ ወደ ላይ ወጥቷል። ይምጣ አይምጣ እንጃ።» ገመዱን ትተህልን ሂድ ሲሉት ሣህሉ እምቢ አለ። ፍየል ሊያስሩበት እንደሚችሉ ታየው።

ሲመለስ አጋሮን ሳይደርስ መኪናውን ዳር አስያዘ። ሌላ ገመድ አወጣ። ግማሹን ራሱ ሞልቶ «ነጋሳ ነው የሞላው» ቢል ማን ያውቅበታል? አድሚራሉ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ጉዞ ደስ ብሎት ይከርማል። በቀኝ ሞከረ፤ አልሆነም። በግራ ሞከረ፤ ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጋጩ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንቱን ቋጠሮ ቆርጧል፤ አንዷን እንኳ እንዴት እንደተሠራች አላየም። ተሳደበና ሞተሩን አስነሣ።

አድሚራሉ በር ላይ ጠበቀው። መሐረቦቹን አልያዘም።

«አልነበረም ጋሼ። ወባ ይዞት ነው አሉ። ስሙንም አያውቁትም።»

ገመዱን ተቀብሎ ክፍቱን ቦታ አየው። የተጨማደደውን፣ በዘይት እጅ የቆሸሸውን አየ። «ማነው የታገለው?» አለ። ሣህሉ እጁን ወደ ኋላ ሲደብቅ አድሚራሉ ገመዱን መለሰለት። «ያዘው። ስትሄድ ትወስደዋለህ።»

ያን ሰሞን ግቢው ጸጥ አለ። ሲሚንቶውን እጠቡ የሚል የለም። ፉጨት ስለሌለ ወዛደሩ ምሳ መቼ እንደሚገባ ጠፋበት፤ ገሚሱ ቀድሞ ሄደ፣ ገሚሱ ተርቦ ዋለ። አንዱ መዶሻ ጠፍቶበት «ነጋሳ ወስዶት ነው» ሲል ማንም አልሳቀለትም። ሣህሉ መኪናውን በቀጥታ፣ ያለ ምልክት፣ ያለ ጭቅጭቅ አስገባ። ሊያስደስተው ይገባ ነበር። ግን ሾፌር የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ ዓመት ሙሉ ስትረግማት የኖርክ መንቋቋት ድንገት ዝም ስትል አትደሰትም። ዳር ይዘህ ትወርዳለህ፣ ምን ተሰበረ ብለህ ከሥር ታያለህ።

በሚቀጥለው ጉዞ ጌራ መንገድ ሲደርስ ምሳ አልበላም። ገመዱን ብብቱ ሥር ይዞ ከጋቢናው ወረደ። ከካሶኒው ኋላ ግን የሆነ ሰው ቀድሞት ቆሟል። ከሲታ ነው፤ ወባው ገና ፊቱ ላይ አለ፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። የተቆራረጡትን የጭነት ገመዶች በግራ እጁ አንድ በአንድ እያነሣ ያያቸዋል።

«ያንተ ነው መኪናው?» አለ ሰውየው።

«አዎ፣ የእኔ…»

«ይህን ገመድ የቆረጠው ማነው? ጣት የለህም? ምጽዋ ቢሆን ኖሮ…»

ሣህሉ የቀረውን አልሰማም። ማረጋገጫው ያ ነበር፤ ገመዱን ማሳየት ራሱ ትርፍ ሆነ። ቢሆንም አሳየው። ሰውየው ግማሽ ቋጠሮውን ሲያይ ንግግሩን አቆመ። ከተቆረጡት አንዱን ቁራጭ አነሣ። ዓይኑ ሣህሉ ላይ እንዳለ፣ ጣቱን ሳያይ፣ በግራ እጁ ቀሪውን ሞላና በሁለቱም በኩል ጎተተው። አልሾለከም።

«ይህ ውሸታም አልሞተም እንዴ?» አለ።

«ጅማ ነው ያለው።»

«ጅማ? እዚህ ጅማ? አገሬ መንዝ እመለሳለሁ ብሎኝ ነው'ኮ የተለያየን! መንዝ ስንት ሰው አስጠየቅኩ፣ የሚያውቀው የለም። ያ ጃላ፣ ያ ወዳጄ!» ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ቆይቶ «ምን ይላል ስለ እኔ?» ሲል ጠየቀ።

«ከባድ ነበር ይላል።»

ይለፍ ነጋሳም አልነበረውም። ሣህሉ ግን ረዳት አልነበረውም፤ ሁለቱ ጉድለት ተደምሮ መፍትሔ ሆነ። ኬላው ላይ ጠባቂው ወደ ጋቢናው ተመለከተና «ይህ ሽማግሌ ነው ረዳት?» አለ። ሣህሉ «ወጣቱ ግዳጅ ላይ ነው'ኮ» አለው። ጠባቂው ሌላ ቦታ አየና እጁን አወዛወዘ።

መፈልፈያው ግቢ ሲደርሱ አድሚራሉ አንድ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ጭነት አስሮ እየጨረሰ ነበር። ሣህሉ ጥሩምባ ነፋ። ነጋሳ እግሩን አስቀድሞ ቀስ ብሎ ወረደ። መተቃቀፍ ይጠበቅ ነበር፤ ወዛደሮቹም ይህን ብለው ከበቡ። ነጋሳ ግን አድሚራሉን አልፎ ሄዶ የታሰረውን ጭነት ዞረው፤ አንዱን ገመድ ሳብ አደረገ።

«ልል ነው።»

«ልል ያንተ ዓይን ነው» አለ አድሚራሉ።

«አርጅተሃል።»

«አንተ መች ወጣት ሆነህ ታውቃለህ?»

አድሚራሉ ከንፈሩን አሹሎ ሊያፏጭ ሞከረ። ከንፈሩ አልታዘዘውም፤ ነፋስ ብቻ ወጣ። ደግሞ ሞከረ። አልወጣም። ነጋሳ ይህን አየና እሱ አፏጨለት፤ ያንኑ ረጅሙን፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚሰበረውን። ወዛደሮቹ ፉጨቱን እንደ ሰሙ፣ ገና ረፋድ ቢሆንም፣ ጆንያቸውን ጥለው ምሳ ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች ባዶ ግቢ ውስጥ ቀሩ። ሣህሉ ራዲያተሩ ውሃ የጎደለው መሆኑን አስታውሶ ኮፈኑን ከፈተና ጭንቅላቱን እዚያ ውስጥ ከተተ። ውሃው ሙሉ ነበር።

ወርቂቱ ያን ቀን ምሳ ስታቀርብ ጠቡ ተጀመረ። ነጋሳ እንደሚለው ከወደቡ ግንብ የተገፈተረው ሀብተጊዮርጊስ ነው፤ ገመዱን የያዘው፣ መዳፉ የተላጠው ነጋሳ ራሱ ነው። ሻርክ የሚባል ነገር አላየም። አድሚራሉ ሊፈነዳ ደረሰ። መዳፍ ተዘረጋ። ጠባሳ ተፈለገ። የሁለቱም መዳፍ በሥራ ብዛት እንደ ጎማ ጠንክሮ ምንም አይነበብበትም።

«እሺ» አለች ወርቂቱ እንጀራ እየጨመረች፣ «ሁለታችሁም ገመድ ከያዛችሁ ማነው የሰጠመው?»

ሣህሉ ጉርሻውን ዋጠና ሳይታሰብ ነገሩ ውስጥ ገባ። «እንደሱ አይደለም እትዬ። ሁለት ሁለት አድርጎ ሲመድባቸው ነው። መጀመሪያ አንዱ ይገፈተራል፣ በማግሥቱ ደግሞ ሌላው። ሁለቱም ሰጥመዋል፣ ሁለቱም ይዘዋል። ሻርኩ ደግሞ የለም፤ እሱ ኋላ ነው የመጣ።» ሦስቱም ዞረው አዩት። ሣህሉም ከየት እንዳመጣው ግራ ገብቶት ወጡን ተመለከተ።

አሁን መፈልፈያው ሁለት አድሚራል አለው። ነጋሳ ዘበኛ ሆኖ ተዛወረ፤ ቦሳ አዲስ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየ። ሲሚንቶው ሙሉ በሙሉ ይታጠባል። ሲታሰር ሀብተጊዮርጊስ በቀኝ ጎን፣ ነጋሳ በግራ ጎን ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ የሌላውን ልል ነው ይላል። ሣህሉ ከጧት እስከ ማታ ምጽዋ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር በሁለት ድምፅ ይሰማል። ይማረራል። ለሚያገኘው ሾፌር ሁሉ «አንዱ አንሶኝ!» ይላል።

ባለፈው አሰንዳቦ ኬላ ላይ አንድ አዲስ ጠባቂ አስቆመው። ሸራው ሥር ማየት ፈለገ። ቋጠሮውን ታገለ፣ ታገለ፣ ከዚያ ከወገቡ ካራ መዘዘ።

«እጅህን አንሣ!» ሣህሉ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። «ገመድ ይቆረጣል እንዴ? ጣት የለህም? ምጽዋ ቢሆን ኖሮ ራትህን ቆመህ ነበር የምትበላ!»

ጠባቂው ካራውን እንደያዘ ቀረ። ሣህሉ እያጉረመረመ በቀኝ ጎን ያለውን በቀኝ ፈታ። ዞሮ ሄዶ በግራ ጎን ያለውን በግልባጩ፣ በግራ እጁ ፈታ። ሸራው ተገለጠ፤ ታየ፤ ተከደነ። እንደገና ሲያስር ጠባቂው ከጎኑ ቆሞ ጣቶቹን ይከተል ነበር።

«ጋሼ፣ ባሕር ኃይል ነበሩ እንዴ?»

ከጊቤ የበለጠ ውሃ አይቶ የማያውቀው ሰው የመጨረሻዋን ቋጠሮ ሳብ አድርጎ አጠበቃት።

«ነበርን» አለ።